አሥራ ሁለተኛው ደብዳቤ

አጽብሃ የስፌት መኪናውን የሚዘረጋው ካዛንቺስ ውስጥ፣ በሙሐሲን ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። በረንዳዋ ጠባብ ናት፤ ሰውየውና መኪናው ከተቀመጡባት ለደንበኛ የሚተርፈው እግር ማሳረፊያ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሱሪ ለማሳጠር ይመጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ቡና ቤት የሚሠሩት ሴቶች ቀሚስ ለማስጠበብ ይመጣሉ። አጽብሃ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ዝምታ ይለካና በአንድ ዓይነት ዝምታ ይሰፋል።

የመጣው ከአዲግራት በኩል ነው። ስፌት ያስተማሩት የካቶሊክ ደናግል መነኮሳይት ናቸው፤ ሃይማኖቱም ከአያቶቹ የወረደ ነው። በሰፈሩ ካቶሊክ እሱ ብቻ ስለሆነ ሃይማኖቱ ሁለተኛ ስሙ ሆኖ ቀረ። «ካቶሊኩ ጋ ውሰጂው፣ ዚፑን ዛሬውኑ ይቀይርልሻል» ይባላል። አንዳንዱ ጴንጤ ይመስለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ካቶሊክ ማለት ክራቫት ያሰረ ኦርቶዶክስ ነው እያለ ይስቃል።

«ቆይ ግን ጋሽ አጽብሃ» ይለዋል ሙሐሲን ገበያ ሲቀዘቅዝበት፣ «እናንተ ትጾማላችሁ?»

«እንጾማለን።»

«ማርያምንስ?»

«እንወዳታለን እንጂ።»

«ታዲያ ከእነሱ በምን ተለያያችሁ?»

«እሱን ሊቃውንቱን ጠይቅ። እኔ ሱሪ ነው የማሳጥረው።»

አንድ ልማድ ነበረው። ጠዋት መርፌው ላይ ክር ሳያስገባ ከመኪናው መሳቢያ መጽሐፍ ቅዱሱን አውጥቶ ትናንት ካቆመበት አንድ ገጽ ያነባል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ያነበበው ነገር መንገዱ ላይ የት ብቅ እንደሚል ይጠብቃል። አንድ ቀን ስለ ሳምራዊው ሰው አንብቦ እንደተነሣ፣ የሰከረ ሰው ቱቦ ውስጥ ወድቆ ሦስት ሰው ሲያልፈው ቆጠረ፤ አራተኛው ራሱ ሆነና ገብቶ አወጣው። ሰውየው እናቱን ሰደበበት። ሌላ ቀን ደግሞ ምንም አያገኝም። ያን ጊዜ «ዛሬ እኔ ነኝ ያልነቃሁት» ብሎ መኪናውን ይሸፍናል።

ከመንገዱ ማዶ ጉሊት የምትቸረችር አየለች የምትባል ሴት አለች። ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ በመደብ ታስቀምጣለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ያለቻት አንዲት ልጅ ቅድስት ናት፣ እሷም ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። የአጽብሃ ሚስት ጥሩዬ የሞተች ጊዜ ሰዎች በሦስተኛው ቀን ሲበተኑ አየለች አልሄደችም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምግብ እያመጣች፣ እስኪበላም ፊቱ ቁጭ እያለች አሳለፈች። አጽብሃ ይህን በቃል አመስግኗት አያውቅም። ያመሰገናት በማንበብ ነው፤ አየለች ፊደል አልቆጠረችም፣ የቅድስትን ደብዳቤዎች የሚያነብላት እሱ ነበር።

ደብዳቤ በመጣ ቀን አየለች እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ መንገዱን ትሻገራለች። ባዶ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ትቀመጣለች።

«ሁለት ጊዜ ነው የምታነብልኝ» ትለዋለች ሁልጊዜ፣ «አንዴ ለጭንቀቴ፣ አንዴ ለናፍቆቴ።»

ለጭንቀቷ ፈጠን አድርጎ ያነባል። ደህና መሆኗ ከታወቀ በኋላ ለናፍቆቷ ቀስ ብሎ፣ በየመስመሩ እያረፈ ይደግመዋል። በሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ደብዳቤ መጣ። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ግን ቅድስት በሙሐሲን ሱቅ ስልክ ትደውላለች፤ አየለች ከማለዳው ጀምሮ ሱቁ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

በዘጠና አራት ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ ደብረ ዘይት በዋለ ማግስት ያ ስልክ ያለ በዓሉ ጮኸ። አጽብሃ ኮሌታ እየገለበጠ ነበር። ሙሐሲን «ሄሎ» አለ፤ ከዚያ ያዳምጥ ጀመር። ሲዘጋው ድምፁ አልተሰማም።

«ጋሽ አጽብሃ፣ እስቲ አንዴ ይግቡ።»

ገባ። ሙሐሲን የስኳሩን ማዳበሪያ ተደግፎ ቆሟል።

«የቅድስት ጓደኛ ናት። ከቤይሩት።» እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ታች ጣለው። «ከአራተኛ ፎቅ ሰገነት ወደቀች ነው የምትለው። እንዴት እንደሆነ እሷም አታውቅም። እዚያው ቀብረዋታል።»

አጽብሃ በመስኮቱ ወደ ማዶ ተመለከተ። አየለች አንዲት ደንበኛን ቃሪያውን አታሺው፣ ይጠወልጋል እያለች ትቆጣለች።

«እኔ ልነግራት አልችልም» አለ ሙሐሲን። «ወላሂ አልችልም።»

በአገሩ ወግ ማንም ብቻውን አይነግራትም። መርዶ የእድር ነው። ማታውኑ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደአረጋይ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ። ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሲናገር ቃለ ጉባኤ የሚያስይዝ ይመስላል።

«ሴትየዋ ጾም ላይ ናት፤ አንጀቷ ታጥፏል» አለ። «በዚህ ላይ መርዶ ብንጨምርባት አንድ ሳይሆን ሁለት ነው የምንቀብረው። ፋሲካን ትግደፍ። በዓሉን ትብላ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በማለዳ እንነግራታለን። እስከዚያ አፉን ያላሠረ ከእድሩ ይወጣል።»

ሁሉም ተስማማ። አጽብሃም ተስማማ፤ ነገሩ ርኅራኄ መስሎታልና።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ረዘሙ። ሰፈሩ ሁሉ አየለችን ሲያይ ይለሰልሳል። ሽንኩርት የማይገዛ ሰው መጥቶ ሽንኩርት ይገዛል። ሴቶቹ ሲያወሩ ደርሳ እንደሆነ ወሬው ይቆረጣል፤ አንዷ ስለ ዝናብ ትጀምራለች።

«ዘንድሮ ሰዉ ምን ሆኗል?» አለችው አጽብሃን አንድ ቀን፣ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ። «ሁሉም ይሳሳልኛል። ልሞት ነው እንዴ?»

«ጾሙ ነው እትዬ አየለች፤ ሰው በጾም ይለሰልሳል።»

«አንተም ለስልሰሃል።» ወደ መኪናው ጎንበስ አለችና፣ «ቅድስቴ ከዘገየች ሁለት ወር አለፋት። ደህና ናት አይደል?» አለችው።

«ደህና ናት» አለ። መኪናውን ረገጠው፣ ያለ ክር ሰፋ።

በማግስቱ ጠዋት ገጹ ላይ ያገኘው ነገር አስደነገጠው። መጽሐፈ ሳሙኤልን በተራ እያነበበ ነበር፤ የዳዊት ሕፃን የታመመበት ላይ ደረሰ። ሕፃኑ በሰባተኛው ቀን ሞተ፤ የዳዊት ባሪያዎች ግን ሊነግሩት ፈሩ። ዳዊት ሲንሾካሾኩ አይቶ ነገሩ ገባው። ሕፃኑ ሞቷልን? ብሎ ጠየቃቸው። ሞቷል አሉት።

አጽብሃ መጽሐፉን ዘግቶ ቀና ሲል መንሾካሾኩ በዙሪያው ነበር። ሙሐሲን ከዳቦ አከፋፋዩ ጋር ጉሊቱን እየተመለከተ ይንሾካሾካል። ዛሬ ቃሉን ፍለጋ መንገዱን ማየት አላስፈለገውም። ዳዊት ጠይቋል፣ እነሱም በአንድ ቃል መልሰውለታል። እሷም ትናንት ጠይቃዋለች። እሱ ግን አንድ ቃል መመለስ አቅቶት ሁለት ቃል ዋሸ።

ሆሳዕና ሲቃረብ ጋሽ ወልደአረጋይ በረንዳው ድረስ መጣ።

«አንድ ነገር ረስተናል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለፋሲካ ልጅቷ ትደውላለች። ሴትየዋ ከንጋት ጀምራ ስልኩ ሥር ልትቆም ነው። ካልተደወለ በዓሉ ሳይወጣ ታውቀዋለች። ስለዚህ ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

«የምን ደብዳቤ?»

«አሠሪዎቼ ወደ ተራራ ይዘውኝ ሄደዋል፣ እዚያ ስልክ የለም፣ እንኳን አደረሰሽ የሚል። ስልቷን የምታውቀው አንተ ነህ። በሰው እጅ መጣ እንላለን፤ ቴምብር አያስፈልገውም።»

«ጋሽ ወልደአረጋይ፣ ዝም ማለትና መጻፍ አንድ አይደለም።»

«ምንድን ነው ልዩነቱ?»

«ዝም ስል እሷ ናት ራሷን የምታታልለው። ስጽፍ እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ የሮማ ትምህርት ጀመረ!» አለ ሽማግሌው ብስጭት ብሎ። «ሚስትህ የሞተች ጊዜ ማን ነበር ያጎረሰህ? አሁን አንድ ወረቀት ይከብድሃል? ፋሲካን አልቅሳ ታሳልፍ?»

ይህ አጽብሃን ወጋው። 

በጸሎተ ሐሙስ ፒያሳ ካቴድራል ድረስ በእግሩ ወጣ። ለፋሲካ መቁረብ ስለሚፈልግ መናዘዝ ነበረበት። አባ ካሕሳይ የአገሩ ልጅ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። የዋሸውን ተናገረ፣ ሊጽፍ ያሰበውንም ተናገረ።

«ጽፈኸዋል?» አሉት።

«ገና ነኝ አባ።»

«ላልሠራኸው ኃጢአት አስቀድሜ ልፈታህ አልችልም። አትጻፍ።»

«ካልጻፍኩ በዓሉ ይበላሽባታል።»

«ልጄ፣ የሞተችውን ልጇን በወረቀት ልታስነሣላት ነው እኮ ያሰብከው። እሱ የአንተ ሥራ አይደለም።»

አጽብሃ እጃቸውን ተሳልሞ ወጣ። በመንገድ ሲወርድ አባ ልክ መሆናቸውን አውቆታል። አየለች ስልኩ ሥር ቆማ ግን ታየችው፤ ከንጋት እስከ ማታ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። ሊያሸንፈው የቻለው ይህ ብቻ ነው። በስቅለት ማግስት፣ ሱቁ ተዘግቶ ሰፈሩ በግ ፍለጋ ሲራወጥ፣ የደብተር ወረቀት ገንጥሎ መኪናው ላይ ዘረጋ።

«ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።»

እዚህ ላይ እጁ ቆመ። ምድር ውስጥ ላለች ልጅ ደህና ነኝ ብሎ ጽፎላታል። ቀጠለ። ፊደሉን እንደ ቅድስት ወደ ግራ አጋደለው።

ደብዳቤ በሰው እጅ መጣ ስትባል አየለች እጇን ታጥባ መጣች። ለጭንቀቷ አነበበላት፤ ለናፍቆቷ ደገመላት። በመጨረሻ ግንባሯን ቋጠረች።

«ስለ ጉልበቴ ሳትጠይቅ ጽፋ አታውቅም። ምን ነካት?»

«አለ እኮ» አለ አጽብሃ፣ ባዶው ወረቀት ጥግ ላይ ዓይኑን ተክሎ። «ከታች አለ፣ ዘልዬው ነው። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ብርድ ላይ አትቀመጪ ትላለች።»

አየለች ፈገግ አለች። ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው። ያን ቀን ጉሊቷን ቀድማ አጠፈች፤ ዶሮ ልትገዛ ሄደች።

ፋሲካን ሳቀች። ጎረቤት ጠርታ አበላች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው እየተያዩ በሉ። አጽብሃ በትንሣኤ ቅዳሴ ላይ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ ሕዝቡ ወደ ቁርባን ሲሄድ እሱ ከቆመበት አልተነቃነቀም። አጠገቡ የነበረች ሴት ለማሳለፍ ፈቀቅ ብላለት ጠበቀችው፣ ከዚያ ትታው ሄደች።

ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ ማግስት ሊነጋጋ ሲል ሃያ የሚሆን ሰው ጋቢውንና ነጠላውን አደግድጎ አየለች በር ላይ ቆመ። ጋሽ ወልደአረጋይ አንኳኳ። ከፈተች። ሴቶቹ ሳይነገራት ማልቀስ ጀመሩ።

«እግዚአብሔር የሰጠውን ይወስዳል፤ አየለች፣ አይዞሽ ጠንክሪ» አለ ሽማግሌው። «ቅድስት አርፋለች።»

አየለች ሁሉንም በተራ አየቻቸው። አላለቀሰችም። ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፏ ወጣ።

«ተሳስታችኋል» አለች። «የማን መርዶ ነው በእኔ በር ያመጣችሁት? የእኔ ልጅ ደህና ናት። ለፋሲካ ጽፋልኛለች!» ወረቀቱን ከጡቷ ሥር አወጣችው፤ ከመታጠፍ ብዛት ሳስቷል። «ይኸውና! ሂዱ፣ የሰው ለቅሶ ነው፣ ባለቤቱን ፈልጉ።»

የሚያለቅሱት ሴቶች ዝም አሉ። እንዲህ ያለ መርዶ ማንም አይቶ አያውቅም። ወጉ ለዚህ ቃል አልነበረውም።

«አጽብሃ!» አለች። «ከኋላ ምን ትቆማለህ? ንገራቸው እንጂ! አንብብላቸው!»

ወረቀቱን እጁ ላይ አኖረችለት። ጋሽ ወልደአረጋይ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ከደብዳቤው በኋላ ነው የሞተችው በላት» አለ በትንፋሹ። «በቃ፣ አንድ ቃል ነው። ያልቃል።»

አጽብሃ አሰበው። እውነትም ያልቅ ነበር። አየለች ደብዳቤው ይቀርላት ነበር፤ እሱም አንባቢዋ እንደሆነ ይቀር ነበር። ሌላው ይቅርና ሰዉ በደንብ ያለቅስ ነበር። ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን የሚለውን ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ያውቀዋል፤ ይህን ያህል ክብደት እንዳለው ግን አያውቅም ነበር።

«እትዬ አየለች» አለ። «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቅድስት አልጻፈችውም። ያን ጊዜ ሞታ ነበር።»

 አየለች ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችና ግራ ቀኝ አገላበጠችው።

«ጉልበቴንም?»

«ጉልበትዎንም።»

«ሌሎቹንስ?»

«ሌሎቹ የእሷ ናቸው። አሥራ አንዱም የእሷ ናቸው፣ በማርያም።»

«በፋሲካ ዋዜማም የእሷ ነው ብለኸኝ ነበር» አለች። ከዚያ በርከክ ብላ መሬቱን በመዳፏ መምታት ጀመረች።

ረፋዱ ላይ በተተከለው የለቅሶ ድንኳን ሥር ጋሽ ወልደአረጋይ ጥግ አስያዘው። «አንተ ካቶሊክ! አንድ ቃል ብትጨምር ምን ነበረበት? ለነፍስህ ብለህ የሴትየዋን ልጅ ሁለቴ ገደልካት!»

 ለአጽብሃ ሽማግሌው የተሳሳተ አልመሰለውም፤ አባ ካሕሳይም የተሳሳቱ አልመሰለውም። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እውነት እንደሚሆኑ ግን መጽሐፉ ውስጥ ሊያገኘው አልቻለም።

በሳምንቱ ተናዘዘ፤ ተፈታም። ንስሐው የዳዊትን የንስሐ መዝሙር መድገምና ሴትየዋን ይቅርታ መጠየቅ ነበር፤ ካልሰማችህ ደግመህ ሂድ ተባለ። ሄደ። አየለች ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቃት።

«ይቅርታ ያልከኝ አንተ ነህ» አለችው፣ «ወይስ ይህንንም የጻፈልህ ሰው አለ?»

በአርባዋ ደግሞ ሄደ። ዓይኗን እንኳ አላነሣችም።

ክረምቱ ሲገባ አየለች ወደ ጉሊቷ ተመለሰች። ደብዳቤዎቹን በፌስታል ይዛ መጣች፤ አሥራ ሁለቱንም ቀላቅላቸዋለች። ፊደል የቆጠረ የሚመስል ሰው ሽንኩርት ሊገዛ ባጎነበሰ ቁጥር አንዱን ታወጣለች። «እስቲ ይቺን አንብብልኝ፣ የእኔ ጌታ።» ሰው አይጨክንም፤ ቆሞ ያነብላታል። አጽብሃ ከማዶ መኪናውን አቁሞ ያዳምጣል። ቃላቱ እሱ ያነበባቸው ናቸው፤ ያለ ጭማሪ፣ ያለ ቅናሽ። በልቡ በየመስመሩ አብሮ ይላቸዋል። አሁን ታምናለች፣ አሁን ታምናለች እያለ ይጠብቃል።

አንድ ቀን የባንክ ሠራተኛ የምትመስል ሴት ጃንጥላዋን ትከሻዋ ላይ አጋድማ ረጅሙን፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አነበበችላት። ሴትየዋ ራሷ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እንዴት ያለች ልጅ ናት እማማ!» አለች ወረቀቱን ስታጥፍ።

«የማን ነው ይላል?» አለች አየለች።

«ይኸው ከታች አለ። ልጅሽ ቅድስት ይላል።»

አየለች ደብዳቤውን ተቀብላ ፌስታሉ ውስጥ መለሰችው። ለሴትየዋ ቃሪያ መረቀችላት።

«እሱም እንዲሁ ነበር የሚለኝ» አለች።